ሁለቴ ካልረገጥኩት የማይዝ ፍሬን፦ ከየት ልጀምር?

ጠያቂ፦ የመንታ እናት

ሰላም ለሁላችሁ። ያገለገለች መኪና ከገዛሁ ገና ሦስተኛ ሳምንቴ ነው። ሞተሯ ደህና ነው። ማርሿም አያስቸግርም። እንቅልፍ የነሳኝ ፍሬኗ ነው።

መጀመሪያ ስረግጠው ፔዳሉ ከግማሽ በላይ ይወርዳል። እግሬ ስር ሰፍነግ ያለ ይመስለኛል። ቶሎ ለቅቄ ስደግመው ግን ከፍ ብሎ ይይዛል፤ ጠንከርም ይላል። ስለዚህ ሳላስበው ሁልጊዜ ሁለቴ መርገጥ ለመድኩ። ባለፈው ቅዳሜ አንድ ልጅ ኳሱን ተከትሎ መንገድ ውስጥ ገባ። የመጀመሪያው ርግጫ ባዶ ነበር። ሁለተኛው ያዘ። መኪናዋ ስትቆም በልጁና በእሷ መሀል አንድ ክንድ ቢቀር ነው። ልጁ ኳሱን አንስቶ ሄደ። እኔ ግን ዳር ይዤ እጄ መንቀጥቀጥ እስኪተው ድረስ ተቀመጥኩ።

ጋራዥ ወስጃታለሁ። የፊት ሸራ ቀየሩልኝ፤ ፔዳሉ ግን ያው ነው። ተመልሼ ስጠይቅ «መኪናዋ አርጅታለች፣ ጠባይዋ ነው፣ ትለምጂዋለሽ» አሉኝ። እኔ መልመድ አልፈልግም። ከኋላ የሚቀመጡት ልጆቼ ናቸው።

ያየሁትን ልንገራችሁ። ከፊት ዲስክ፣ ከኋላ ታምቡር ናት። ኤቢኤስ (በኃይል ሲረገጥ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚያደርገው) የላትም። የፍሬን ዘይቱ ከላይኛው ምልክት ትንሽ ወረድ ብሏል፣ ቀለሙም ጠቁሯል። ከስር የፈሰሰ ነገር አይታይም። አንዱ የፍሬን ዘይቱን የሚገፋውን ማስተር ቀይሪ ይለኛል፤ ሌላው ዘይት ጨምሪበት ይለኛል። ሁሉም እየገመተ ነው። በግምት ዕቃ መግዛት ሰልችቶኛል። እባካችሁ፣ ከየት ልጀምር?

የማታ ሾፌር

እህቴ፣ ማስተሩ ነው። የኔም ፔዳል እየወረደ አስቸግሮኝ ነበር፤ ማስተር ስቀይር ተገላገልኩ። ሌላ ቦታ አትድከሚ።

መፍቻ

እህቴ፣ እንኳን ልጁም አንቺም ተረፋችሁ። ብዙ ዓመት ፍሬን ስሠራ ኖሬያለሁ፤ እንዲህ ያለ ነገር ሳነብ ዛሬም ሆዴ ይረበሻል። ስለዚህ ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልለምንሽ። ምክንያቱ እስኪታወቅ መኪናዋ ትቁም። ልጆቹን በሌላ መንገድ አድርሻቸው። «ጠባይዋ ነው» ያሉሽንም እርሺው። ፍሬን ጠባይ የለውም። ፔዳል ከወረደ የወረደበት ምክንያት አለ፤ ከተፈለገም ይገኛል።

የማታ ሾፌር ወንድሜ፣ ያንተ ማስተር እንደነበር አምንሃለሁ። ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ። ያንተ ፔዳል እግርህን ሳታነሳ ቀስ እያለ ይሰምጥ ነበር? ወይስ እንደ እሷ ሁለተኛ ስትረግጠው ይነሳ ነበር? ሁለቱ በጣም ይለያያሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፔዳሉን ስትረግጪ ማስተሩ ዘይቱን በቱቦ ወደ አራቱ ጎማዎች ይገፋል። ዘይት አይጨመቅም። ስለዚህ ሸራው ከጎማው ጋር የሚዞረውን ዲስክ ወይም ታምቡር ከነካ በኋላ ፔዳሉ ቀጥ ብሎ መቆም አለበት። ካልቆመ፣ ወይ ዘይቱ የሚያመልጥበት ቦታ አለ፣ ወይ ውስጡ የሚጨመቅ ነገር ገብቷል፣ ወይ ሸራው ከመንካቱ በፊት ረጅም መንገድ ይሄዳል። ዘይቱ የሚያመልጠው ወደ ውጭ ከሆነ እርጥበት ታያለሽ። ማስተሩ ውስጥ ዘይቱን የሚያግደው ላስቲክ፣ ጎሚኒው፣ ተበልቶ ከሆነ ግን ዘይቱ እዚያው ውስጥ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ጠብታ እንኳ አታዪም። የሚጨመቀው አየር ነው። አንዳንዴም ያረጀ የላስቲክ ቱቦ በተረገጠ ቁጥር እንደ ፊኛ ያብጣል። ረጅም መንገድ የሚሄደው ደግሞ ብዙ ጊዜ የኋላ ታምቡር ሸራ ነው።

አሁን ፔዳሉን ራሱን ጠይቂው። ሜዳ ቦታ አቁሚያት፤ ጎማዎቹን ከፊትም ከኋላም በድንጋይ አስደግፊ። የእጅ ፍሬኑ ይለቀቅ። ሞተሩን አጥፍተሽ ፔዳሉን አምስት ስድስት ጊዜ ርገጪ፤ ቡስተሩ (በሞተሩ ቫኩም እግርሽን የሚያግዘው ክፍል) ውስጥ የቀረው ቫኩም ያልቃል። ከዚያ ጠበቅ አድርገሽ ያዢውና እስከ 60 ቁጠሪ። አትጨምሪ፣ አትቀንሺ። ቀስ እያለ ወደ ወለሉ ከሰመጠ ወይ ማስተሩ ነው፣ ወይ የሆነ ቦታ ያፈሳል። ባለበት ከቆመ ማስተሩን ለጊዜው ተዪው። አንዳንድ ማስተር በኃይል ሲረገጥ ይይዝና በቀስታ ሲረገጥ ያሳልፋል። ስለዚህ ደግመሽ በጣም ቀስ ብለሽ ሞክሪው።

ቀጥሎ የእጅ ፍሬኑን እስከ መጨረሻው ሳቢና ፔዳሉን ርገጪ። የእጅ ፍሬኑ የኋላ ሸራዎችን ገፍቶ ታምቡሩ ጋ ስላደረሳቸው ዘይቱ ያን ያህል መንገድ አይሄድም። ፔዳሉ አሁን በግልጽ ከፍ ካለ የኋላ ሸራዎችሽ ከታምቡሩ ርቀዋል። ልብ በይ፣ ከፍ ማለቱንና መጠንከሩን ለያይተሽ ንገሪኝ። ከፍ ብሎም እግርሽ ስር ከላላ ሌላ ነገር አለ።

የዘይቱ መጥቆር ያሳስበኛል። ያገለገለ መኪና ላይ ማን ምን እንደጨመረበት አይታወቅም። የመሪ ዘይት የጨመሩበት መኪና አጋጥሞኛል። ጥቂት ጠብታ በንጹህ መርፌ ቀድተሽ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ጣይ። የተለመደው የፍሬን ዘይት፣ ዶት 3ም ዶት 4ም፣ ከውሃው ጋር ይቀላቀላል። ከላይ ተንሳፎ ዓይን ዓይን ከሠራ ሌላ ዘይት ገብቶበታል፤ ይህ ደግሞ ጎሚኒውን ሁሉ ያሳብጠዋል። የክዳኑን ላስቲክም እይ። አብጦ ወይም ተጨማዶ ከሆነ ያው ምልክት ነው። የፍሬን ዘይት የመኪና ቀለም ይልጣል። ከተንጠባጠበብሽ ቶሎ በውሃ እጠቢው።

በመጨረሻ አራቱንም ጎማዎች ከውስጥ በኩል በባትሪ እያበራሽ እያቸው። አቧራ የያዘ እርጥብ ነገር ካለ ንገሪኝ። ማስተሩ ከቡስተሩ ጋር የሚገጥምበትን ቦታም ከስር በጣትሽ ዳብሺው። የፊት ካሊፐሮች (ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚጨምቁት) ላይ ደግሞ የላስቲክ ቆብ ያደረገች ትንሽ ብሎን አለች፤ አየር ማስወጫ ናት። ከላይ ናት ወይስ ከታች? ይህችን አትርሺብኝ።

የማታ ሾፌር

ልክ ነዎት። የኔ መብራት ላይ እግሬን ጭኜ ስቆም ነበር ቀስ እያለ የሚሰምጠው። ደግሜ ስረግጠው መነሳቱን አላስታውስም። እህቴ፣ ይቅርታ፤ ቸኩዬ ነው የመለስኩልሽ።

የመንታ እናት

ጋሼ መፍቻ፣ እግዜር ይስጥልኝ። የማታ ሾፌር ወንድሜ፣ ምንም አይደል።

ያሉኝን ሁሉ አደረግሁ። 60 ቆጠርኩ፤ ፔዳሉ ንቅንቅ አላለም። ቀስ ብዬም ሞከርኩት፤ አልሰመጠም። የእጅ ፍሬኑን ስስበው 11 ጊዜ ጠቅ ጠቅ ብሎ ነው የያዘው። እሱን ስቤ ስረግጥ ፔዳሉ ሦስት ጣት ያህል ከፍ አለ። ግን አሁንም ይለሰልሳል፤ ከፍ ያለ ሰፍነግ ሆነ ማለት ይቻላል። ዘይቱ ውሃው ውስጥ ሟሟ፣ የተንሳፈፈ የለም። የክዳኑ ላስቲክ ደህና ነው። አራቱም ጎማዎች ከውስጥ ደረቅ ናቸው፤ ማስተሩም ከስሩ ደረቅ ነው።

አየር ማስወጫዋን ተንበርክኬ ሦስት ጊዜ አየኋት። በግራም በቀኝም ከታች ናት። ይሄ ችግር አለው?

መፍቻ

«ከታች ናት» ያልሽውን ሁለቴ አነበብኩት። አዎ እህቴ፣ ችግር አለው። ያገኘሽውም አንቺ ነሽ።

ውሃ የያዘ የታሸገ ጠርሙስ እንደፈለግሽ አዟዙሪው፤ አየሩ ሁልጊዜ ላይኛው ቦታ ይሰበሰባል። ካሊፐርም እንዲሁ ነው። አየር ማስወጫዋ ከላይ የተደረገችው ለዚህ ነው። ከታች ከሆነች ቀኑን ሙሉ ዘይት ቢፈስ የሚወጣው ዘይት ብቻ ነው። አየሩ ከላይ ተቀምጦ ይቀራል። አንቺ በረገጥሽ ቁጥር መጀመሪያ የምትጨምቂው እሱን ነው።

ሁለቱም ከታች ከሆኑ አብዛኛውን ጊዜ የግራው ወደ ቀኝ፣ የቀኙ ወደ ግራ ተገጥሟል ማለት ነው። ብዙ መኪና ላይ ሲቀያየሩ ብሎኑም ቱቦውም እሺ ብሎ ይገጥማል፤ ለዚህ ነው ሠሪው የማያስተውለው። ካሊፐሮቹ ከዚህ በፊት ተፈትተው እንደሆነ ሻጩን ጠይቂው።

ያንቺ ችግር እንግዲህ ሁለት ነው፤ አንዱ አንዱን ሸፍኖታል። የእጅ ፍሬኑን ስትስቢ ፔዳሉ ከፍ ማለቱ የኋላ ሸራዎች መራቃቸውን ይነግረናል። 11 ጊዜ ጠቅ ማለቱም ያንኑ ነው የሚለው። ከፍ ብሎም መለስለሱ ደግሞ ከፊት ያለው አየር ነው። አንዱን ብቻ ሠርተሽ ቢሆን ኖሮ «ትንሽ ተሻለ» ብለሽ ትነጂ ነበር። እኔ የምፈራው ያንን ነው።

ሥራውን ራስሽ ሥሪው አልልም። ግን መካኒኩ ሲሠራ አጠገቡ ቁሚ። በክሪክ ብቻ ተነስታ ከስሯ ማንም እንዳይገባ፤ ካቫሌቶ (የብረት መደገፊያ) ይደረግላት።

ከኋላ ይጀምር። ታምቡሩ ይውለቅ። አቧራው በአፍም በአየር ግፊትም አይነፋ፤ የድሮ ሸራ አስቤስቶስ ሊኖረው ይችላል፣ ለሳንባ መጥፎ ነው። በውሃ አርጥቦ ይጥረገው። በሸራዎቹ መሀል ዙሪያውን ጥርስ ያለው ማስተካከያ አለ። ሸራው እያለቀ ሲሄድ ራሱ እየዞረ ማቀራረብ ነበረበት፤ ዝገት ሲይዘው ይቆማል። ተፈትቶ ይጽዳ፣ ጥርሱ በቀላሉ እስኪዞር ድረስ። ታምቡሩ ተመልሶ ሲገባ ሸራው በጣም ትንሽ ብቻ ሸተር ሸተር ማድረግ አለበት። ሸራዎቹን የሚገፋውን የትንሹን ሲሊንደር የላስቲክ ቆብም ገለጥ አድርጎ ይየው፤ ውስጡ እርጥብ ከሆነ ማፍሰስ ጀምሯል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው አለ። የእጅ ፍሬኑ ረጅም ሲሆን ገመዱን ብቻ ያጠብቃሉ። ገመዱ ሸራውን ትንሽ ስቦ ስለሚይዘው ማስተካከያው ሥራውን መሥራት ያቅተዋል። መጀመሪያ ሸራው፣ ገመዱ በመጨረሻ።

ከዚያ የፊቶቹ ካሊፐሮች ወደየቦታቸው ይመለሱ። ቱቦው የሚታሰርበት የመዳብ ሮንዴላ በአዲስ ይቀየር፤ አሮጌው ያፈሳል። ከፊት ያሉትን የላስቲክ ቱቦዎችም አንድ ሰው ፔዳሉን ሲረግጥ በእጅሽ ይዘሽ ስሚያቸው። እጅሽ ውስጥ የሚያብጥ ካለ ይቀየር።

ተማሪ መካኒክ

ጋሼ፣ አቋርጬ ልጠይቅዎት። እኛ ጋ አየር ስናስወጣ ፔዳሉን እስከ ወለሉ ነው የምንረግጠው። አንድ ጊዜ ከዚያ በኋላ ደህና የነበረ ማስተር ተበላሸብን። የኛ ጥፋት ነው? ደግሞስ ለሷ ማስተሩ ደህና ከሆነ ያ ጥቁር ዘይት ምን ይጎዳል? ፔዳሉ እስከጠነከረ ድረስ ማለቴ ነው።

መፍቻ

ጥሩ ጠየቅህ። አዎ፣ እስከ ወለሉ በመርገጣችሁ ሊሆን ይችላል። ማስተሩ በየቀኑ የሚሄድባት ቦታ አለች፤ እሷ ለስላሳ ናት። ከዚያ በታች ያለው ለዓመታት ያልተነካ ነው። ዝገትና ቆሻሻ ይይዛል። ጎሚኒው በኃይል እዚያ ሲነዳ ከንፈሩ ይቀደዳል። በተለይ አሮጌ መኪና ላይ ከፔዳሉ ስር ቁራጭ እንጨት አድርጉ፤ እስከ መጨረሻው እንዳይወርድ።

አወጣጡን ታውቃለህ፣ ግን እህታችን ቆማ ስለምታይ ልድገመው። ንጹህ፣ ውስጡ የሚታይ ቱቦ አየር ማስወጫዋ ላይ ይሰካል። ጫፉ ዘይት ባለው ጠርሙስ ውስጥ ይሰምጣል። አንዱ ፔዳሉን ረግጦ ይይዛል፤ ሌላው ብሎኑን ይከፍታል፤ ዘይቱ ይወጣል፤ ብሎኑ ይዘጋል፤ እግር የሚነሳው ከዚያ በኋላ ብቻ ነው። ሳይዘጋ እግር ከተነሳ አየሩ ተመልሶ ይገባል። ሁለቱ ሰዎች እየተጣሩ ይሥሩ፣ «ያዝ»፣ «ልቀቅ» እየተባባሉ። ማስተሩ ላይ ያለው የዘይት ዕቃ ውስጥ ዘይቱ እንዳያልቅ፤ ካለቀ ሥራው እንደ አዲስ ነው። ብዙ ጊዜ የሚጀመረው ከማስተሩ በጣም ከሚርቀው ጎማ ነው፤ ግን አንዳንድ መኪና ቱቦው በሰያፍ፣ የፊቱን አንድ ጎማ ከኋላው ተቃራኒ ጎማ ጋር እያገናኘ ስለሚሄድ የመኪናዋን መመሪያ መጽሐፍ ማየት ይሻላል። ኤቢኤስ ያላት መኪና ብትሆን ኖሮ ሞጁሉ ውስጥ የተያዘ አየር አንዳንዴ በኮምፒውተር ካልታዘዘ አይወጣም። እሷ በዚህ ተገላግላለች።

ስለ ጥቁሩ ዘይት ደግሞ የደረሰብኝን ልንገርህ። ወጣት ሳለሁ ሰው ጭኜ ረጅም ቁልቁለት ወረድኩ። ፍሬን ላይ እግሬን እንደጫንኩ ነበር። ስነሳ ፔዳሉ እንደ ድንጋይ ጠንካራ ነበር። መሀል ላይ ስደርስ የሚቃጠል ሸራ ሽታ መጣ። ቀጥሎ ፔዳሉ ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ ወለሉን ነካ። ደጋግሜ ረገጥኩ፤ ምንም የለም። ማርሽ ቀንሼ፣ የእጅ ፍሬኑን ቀስ በቀስ እየሳብኩ፣ ዳር ያለ የአፈር ክምር ላይ አስጠግቼ አቆምኳት። አጠገቤ የነበሩት እናት ያሉኝን እስከ ዛሬ አልረሳም፤ «ልጄ፣ አሁን ደህና ነን?» ነበር ያሉት። ሲቀዘቅዝ ፔዳሉ ምንም እንዳልሆነ ሁሉ ተነሳ። ዘይቱን ብከፍተው ጥቁር ነበር። ለዓመታት አልተቀየረም።

የፍሬን ዘይት እርጥበት ከአየር ይስባል። አዲስ ዶት 3 ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴልሺየስ ሳይፈላ ይቆያል። 3.7 በመቶ ውሃ ከሳበ በኋላ መስፈርቱ የሚጠብቅበት 140 ብቻ ነው። ዶት 4 አዲስ ሳለ 230፣ ውሃ ሲይዝ 155። ዘይቱ ከፈላ እንፋሎት ይሆናል፤ እንፋሎት ደግሞ እንደ አየር ይጨመቃል። ስለዚህ ፔዳሉ ዛሬ ቢጠነክርም ያ ዘይት በሙሉ ይውጣ። ብዙ አምራቾች በየ2 ዓመቱ ይቀየር ይላሉ። ዓይነቱ ክዳኑ ላይ ተጽፏል። ዶት 5 የሚባለው ሲሊኮን ስለሆነ ከዶት 3 እና ከዶት 4 ጋር አይቀላቀልም። የምትገዛው ዕቃ ያልተከፈተ ይሁን፤ ተከፍቶ ወራት የቆየ ዘይት መደርደሪያ ላይ ሆኖም ውሃ ስቧል።

የመንታ እናት

ጋሼ፣ ሻጩ ደወለልኝ። ባለፈው ዓመት ካሊፐሮቹ ተጣብቀው ተፈትተው ታድሰው ነበር አለኝ። እንዳሉት ነው።

ትናንት ሌላ መካኒክ ጋ ሄድኩ። የጻፉልኝን አነበብኩለት። አልተቆጣም፤ ይልቅ ጎንበስ ብሎ አየና «እውነትም ተቀያይሯል» አለ። ቀኑን ሙሉ አጠገቡ ነበርኩ። የኋላው ማስተካከያ በግራ በኩል በዝገት ደርቆ ነበር፤ በእጅ አልዞር አለ፣ አጽድቶ አላቀቀው። ካሊፐሮቹን መለሰ፤ አየር ማስወጫዋ ከላይ ሆነች። ፔዳሉን የረገጥኩት እኔ ነኝ፤ እንጨቱንም ከስሩ ራሴ አደረግሁ። ከቀኝ የፊት ጎማ መጀመሪያ ጥቁር ዘይት ወጣ፣ ከዚያ ቱቦው ውስጥ ትልቅ አየር አለፈ፣ እንደ ጣቴ ጫፍ ያለ። ከዚያ ደቃቅ አረፋ። ከዚያ ንጹህ ማር የመሰለ ዘይት። በእያንዳንዱ ርግጫ ፔዳሉ እግሬ ስር ሲጠነክር ይሰማኝ ነበር።

አሁን የእጅ ፍሬኑ 5 ጊዜ ጠቅ ሲል ይይዛል። ፔዳሉ በመጀመሪያው ርግጫ ከላይ ይቆማል። አንድ ነገር ብቻ፦ ሞተሩን አጥፍቼ ረግጬ ይዤው ሳስነሳ ትንሽ ዝቅ ይላል። ይሄ ያስፈራል?

መፍቻ

አያስፈራም እህቴ፤ እንዲያውም ደስ ይላል። ሞተሩ ሲነሳ ቡስተሩ ቫኩም አግኝቶ እግርሽን እያገዘ ነው። ትንሽ ዝቅ ብሎ እዚያው መቆም አለበት። ዝቅ ማለቱን ካላቆመ ግን ወዲያው ንገሪኝ።

ነገ ጠዋት ከመነሳትሽ በፊት የዘይቱን ምልክት እይ፤ ከዛሬው ዝቅ ካለ የሆነ ቦታ ያፈሳል። የቱቦዎቹን መገጣጠሚያ በነጭ ወረቀት ጥረጊያቸው፤ እርጥበት ወረቀቱ ላይ ይታያል። ጥቂት ከነዳሽ በኋላ የጎማ ብሎኖቹ ደግመው ይጥበቁ። መጀመሪያ ብቻሽን፣ ሰው በሌለበት ሰፊ ቦታ፣ በዝግታ አሥር ጊዜ ያህል ያዢ። መሪው ወደ አንድ ወገን ከጎተተ መልሺያት። መሪ አጥፈሽ ከዞርሽ በኋላ ፔዳሉ አንዴ ዝቅ ብሎ ሁለተኛ ላይ ከተነሳ ደግሞ የፊት ጎማ ኩሽኔታ ላልቶ ሸራውን እየገፋው ሊሆን ስለሚችል እሱንም አሳዪ።

የመንታ እናት

ዘይቱ ዛሬ ጠዋት እዚያው ምልክት ላይ ነው። ወረቀቱም ደረቅ ወጣ። ብሎኖቹን አስጠብቄያለሁ። ባዶ ሜዳ ላይ አሥራ ሁለት ጊዜ ያዝኩ፤ አስራ ሁለቱንም በመጀመሪያው ርግጫ ቀጥ አለች። እግሬ ግን አሁንም ሁለተኛ ለመርገጥ ይነሳል፤ እሱን ማስተው ብቻ ይቀረኛል።